ሁለት ጊዜ ስለ ተመረቁ ወጣቶች

ወላጆች ልጃቸውን አስተምረው ለምረቃ ሲያበቁ የሚመኙለት ነገር የታወቀ ነው። ይኸውም ዝናብና ፀሐይ የማይደርስበት ቢሮ፣ ጠረጴዛና ወንበር፣ በየወሩም የማይቋረጥ ደመወዝ ነው። ጥማድ በሬውን ሸጦ ልጁን ያስተማረ ገበሬ፣ ጠላ ጠምቃና እንጀራ ጋግራ ሸጣ ልጇን ለዩኒቨርሲቲ ያበቃች እናት እንዲህ ያለውን ነገር ቢመኙ የሚነቅፋቸው አይገኝም፤ እኛም አንነቅፋቸውም። ነገር ግን ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናወሳ ያሰብነው፣ የምረቃ ልብሳቸውን አጥፈው ካስቀመጡ በኋላ ወደ ቢሮ ሳይሆን ወደ ቦረቦርና ወደ ተራቆተ ኮረብታ ስለ ተሰማሩ ወጣቶች ነው። እነዚህን ወጣቶች ለሥራቸው ከሚያዘጋጁት ሰዎች መካከል ለብዙ ዓመታት ስለ ነበርን የምንናገረው በወሬ የሰማነውን ሳይሆን ያየነውን ነው።

ሥራቸው በመዝገብ ላይ «የአካባቢ ጥበቃ አደራጅ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። አማርኛን በመማር ላይ የምትገኙ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች አንባቢዎቻችን በዚህ ቃል ላይ ጥቂት ብትቆሙ አይጎዳችሁም። አደራጀ የሚለው ግሥ የወጣው ደረጀ ከሚለው ነው፤ ደረጀ ማለትም ጠነከረ፣ ሞላለት፣ በእግሩ ቆመ ማለት ነው። ድርጅት የሚለውም ቃል የዚሁ ቤተ ሰብ ነው። እንግዲያስ አደራጅ ማለት ሰው የሚሰበስብ ማለት አይደለም፤ ሰው የሚሰበስብማ ሰብሳቢ ይባላል። አደራጅ የሚባለው አስቀድሞ ያለው ነገር እንዲደረጅ የሚያደርግ ነው። ይህን ልዩነት ለሠልጣኞቻችን በመጀመሪያው ቀን እንነግራቸው ነበር፤ እነርሱም በደብተራቸው ይጽፉት ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩ ከደብተር ወደ ልብ እስኪገባ ድረስ አንድ ክረምት ይፈጅ ነበር።

ስፍራው ደቡብ ወሎ ነበር፤ ዘመኑም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ አሥር ዓመት ለሚያህል ጊዜ ነው። በዚያን ዓመት በአገሪቱ ደጋማ ክፍሎች ገበሬው አዝመራውን ከሰበሰበ በኋላ በጥርና በየካቲት ወር ለተወሰኑ ቀናት ያለ ክፍያ እየወጣ እርከን እንዲሠራ፣ ክትር እንዲከትር፣ ለክረምቱም የችግኝ ጉድጓድ እንዲቆፍር ትልቅ ዘመቻ ተጀመረ። በየቀበሌው ሦስት የልማት ሠራተኞች፣ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለከብት፣ አንዱም ለተፈጥሮ ሀብት ይመደቡ ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው ለዚያ ሁሉ ሕዝብ እንዴት ይዳረሳል? ስለዚህ እኛ በነበርንባቸው ወረዳዎች ሥራ ያላገኙ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ጥቂት ወራት እየሠለጠኑ ከልማት ሠራተኛው ጎን በየተፋሰሱ ይሰማሩ ነበር። የመጡልን ሁሉ ስለ ደን የተማሩ አልነበሩም፤ ጂኦግራፊ፣ ሶሲዮሎጂ፣ የሂሳብ አያያዝ የተማሩም ነበሩባቸው። እንዲያውም ከሁሉ የተሻለው ሠልጣኝ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የተማረ ልጅ ነበር ብንል የሚገርማችሁ ይኖራል። ሰው ሲናገር ቃሉን አይነጥቅም ነበር፤ ሌላ ምሥጢር አልነበረውም።

ስለ መሬቱም ጥቂት እንናገር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች በኢትዮጵያ ደጋ ከሚታረሰው መሬት በየዓመቱ በአማካይ ከአንድ ሔክታር 42 ቶን ያህል አፈር በጎርፍ እንደሚታጠብ ገምተዋል። ይህ በውፍረት ሲለካ አራት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ለዓይን ምንም ነው። አንድ ሰው ሃምሳ ዓመት ያረሰ እንደ ሆነ ግን፣ አንድ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት የቀረው አፈር ከእግሩ ሥር ሄደበት ማለት ነው። ሠልጣኞቹ ቁጥሩን ከትምህርት ቤት ይዘውት ይመጣሉ። ገበሬውም ቁጥሩን ሳያውቅ ነገሩን ያውቀዋል፤ አባቱ ያረሰበት ማሳ ላይ ዛሬ ማረሻው ድንጋይ ሲፍቅ ይሰማዋልና። ደግሞም ውኃ ማሳውን እንዳይወስድበት በበሬ ፈሰስ ያወጣል። ፈሰስ ማለት የክረምቱ ውኃ እንዲወርድበት በማሳው ላይ በአግድም የሚታረስ ቦይ ነው። ከአንዱ ፈሰስ የወጣው ውኃ በታችኛው ጎረቤት ማሳ ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ጠብና ክስ ይመጣል። ስለዚህ የአፈር ጉዳይ በገጠር የጎረቤት ጉዳይ ነው እንጂ የሳይንስ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የተማረ ወጣትን ወደ ገጠር መላክ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደንግጎ፣ አብዛኞቹ በአስተማሪነት አገልግለዋል። በታኅሣሥ ወር 1967 ዓ.ም. ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና አስተማሪዎች ወደ ገጠር ዘምተዋል። ከ1966ቱ ረኃብም በኋላ በዓለም የምግብ ፕሮግራም ርዳታ ስንዴና ዘይት እየተሰፈረ በወሎና በሌሎችም ክፍላተ አገር ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ፤ ኮረብታም ተከለለ፤ ዛፍም ተተከለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን በብዙ ቦታ ሕዝቡ ያንኑ ዛፍ ቆረጠው፤ እርከኑንም በየስፍራው አፈረሰው። ይህ ነገር ለማንኛውም አሠልጣኝ ከባድ ጥያቄ ነው። ሕዝቡ ዛፍ የሚጠላ ሆኖ ነውን? ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩ አንድ ሽማግሌ ለሠልጣኞቻችን ሲመልሱ፦ «ዛፉ የመንግሥት ነበረ፤ መንግሥት ሲሄድ ዛፉም አብሮ ሄደ» አሏቸው። ከዚህ ቀን በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ረጅም ትምህርት መስጠት አላስፈለገንም።

ሥልጠናው እንዲህ ነበር። ሠልጣኙ አንድ ሳምንት ያህል በክፍል ከተቀመጠ በኋላ ለሦስት ሳምንታት ያህል በአንድ ገበሬ ቤት እንዲያድር ይደረጋል። ለምግቡ የሚሆን ጤፍና ሽሮ ይዞ ይሄዳል፤ ቤተ ሰቡን እንዳያስቸግር ነው። በእነዚያ ሳምንታት ስብሰባ መጥራት፣ ንግግር ማድረግ፣ ምክር መስጠት ፈጽሞ ክልክል ነው። የሚፈቀድለት እንጨት መልቀም፣ ውኃ መቅዳት፣ ከብት መጠበቅና መጠየቅ ብቻ ነው። ሴቶቹ ሠልጣኞች ይህን ከወንዶቹ ይልቅ በቶሎ ይለምዱት ነበር። ማገዶ ለመልቀም ከቤቱ እመቤት ጋር ሁለት ሰዓት የተጓዘች ልጅ የደኑ መመናመን በማን ጀርባ ላይ እንደሚወድቅ ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች።

ሲመለሱ የምንጠይቃቸው የመንደሩን የሕዝብ ቁጥር አልነበረም። በዚያ መንደር ሰው ሲሞት ማን ይጠራል? ድንኳኑ በማን ቤት ይቀመጣል? ደቦ የሚጠራ ሰው ስንት ሰው ይመጣለታል? ማን ከማን ጋር ተኳርፏል? የሚሉ ጥያቄዎች ነበሩ። በወሎ እድርን ቅሬ ይሉታል። የቅሬ ዳኛ ቃል ከሊቀ መንበሩ ቃል ይልቅ የሚሰማበት መንደር ብዙ ነው፤ እስላሙና ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ተቆጥረው አብረው ይቀብራሉ፤ አብረው ያለቅሳሉ። አንድ ሠልጣኝ ሦስት ሳምንት ኖሮ የቅሬውን ዳኛ ሳያውቅ የመጣ እንደ ሆነ፣ ያለ አንዳች ቁጣ ተመልሶ እንዲሄድ እናደርገው ነበር። መንደሩ አስቀድሞ ተደራጅቶ ሳለ ሌላ ድርጅት ይዞ መምጣት፣ ድንኳን በተተከለበት ደጅ ሌላ ድንኳን እንደ መትከል ነውና።

ሌላው የምናስጠናቸው ነገር የቀን አቆጣጠር ነበር። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የብዙ ወጣቶች ሥራ የሚሰናከለው በዚህ ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም መሬት የማይቆፍር ሰው አለ፤ ቅዳሜና እሑድም አለ፤ ዓርብ የጁምዓ ሶላት አለ፤ በሳምንት አንድ ቀንም ገበያ አለ። ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ቀን ቆጥሮ የሚያውቅ አደራጅ ሰው ያገኛል፤ የማያውቅ ግን ባዶ ኮረብታ ላይ ብቻውን ይቆማል፤ ከዚያም «ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። ይህ «ግንዛቤ የለውም» የሚለው አነጋገር በየጽሕፈት ቤቱ እጅግ ተወዳጅ ነው፤ እኛ ግን ከሠልጣኞቻችን ሪፖርት ላይ በቀይ ቀለም እንሰርዘው ነበር።

ስለ መሣሪያው ስንናገር ነገሩ ደስ ያሰኘናል። ሁለት እኩል የሆኑ ዘንጎች፣ አሥር ሜትር ሲባጎ፣ በሲባጎው መካከል የምትንጠለጠል ትንሽ የውኃ ልክ፤ ይኸው ነው። በሦስት ሰው ይሠራል፤ ሁለቱ ዘንግ ይይዛሉ፣ አንዱ የውኃውን አረፋ ይመለከታል። አረፋው መካከል ላይ ሲቆም ሁለቱ ዘንጎች የቆሙበት ስፍራ በከፍታ እኩል ነው፤ እርከኑም በዚያ መሥመር ይቀየሳል። መሥመሩ ጥቂት ያጋደለ እንደ ሆነ ግን ውኃው በአንድ በኩል ተጠራቅሞ እርከኑን ይሰብረዋል፤ የተሰበረ እርከንም እርከን ከሌለበት ማሳ የባሰ ቦረቦር ያወጣል። ሠልጣኞቹ ይህን ከገበሬዎች ጋር አብረው ሲለማመዱ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው ልጅ አረፋውን ሲፈልግ፣ ማንበብ የማያውቀው ገበሬ በዓይኑ ብቻ ተመልክቶ «አንድ ክንድ ወደ ላይ» ሲል፣ ሲለካም እውነት ሆኖ ሲገኝ ያየንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከእርከኑ ዓይነቶች አንዱ ፋንያ ጁ ይባላል። ቃሉ አማርኛ አይደለም፤ ስዋሂሊ ነው፤ ትርጓሜውም ወደ ላይ አድርገው፣ ማለት ከቦዩ የተቆፈረውን አፈር ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ወርውረው ማለት ነው። አፈሩ በላይ በኩል ግድብ ይሆናል፤ በየዓመቱም ከላይ የሚታጠበው አፈር በዚያው ላይ እየተከማቸ ማሳው ቀስ በቀስ እንደ ደረጃ ይደለደላል። ይህ አሠራር የተስፋፋው በኬንያ፣ በማቻኮስ አውራጃ ነው። በዚያ አገር በቅኝ ግዛት ዘመን ሕዝቡ በግዴታ እርከን እንዲሠራ ታዝዞ ነበርና ሥራውን እጅግ ጠልቶት ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ግን ያው ሕዝብ በገዛ ፈቃዱ ማሳውን በፋንያ ጁ አስጌጠው። ዛሬ የወሎ ገበሬ «ፋንያጁ» ሲል የውጭ ቃል መሆኑን እንኳ አያስበውም።

ኬንያን ካነሣን የፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይን ስም ሳንጠራ ማለፍ አይገባም። እኚህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1971 ከናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ በማግኘት ከምሥራቅና ከመካከለኛው አፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 አረንጓዴ ቀበቶ የተባለውን ንቅናቄ መሠረቱ። የገጠር ሴቶች ችግኝ እንዲያፈሉና እንዲተክሉ አደረጉ፤ ጥቂት ገንዘብም ይከፈላቸው ነበር፤ የሚከፈለው ግን ስለ ተተከለው ሳይሆን ስለ ጸደቀው ችግኝ ነበር። የደን ባለሙያዎች ዲፕሎማ የሌለው ሰው እንዴት ደን ያለማል ብለው ነበር፤ እርሳቸው ግን ሴቶቹን ዲፕሎማ የሌላቸው የደን ባለሙያዎች ይሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተቀበሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ዐረፉ። ይህን ታሪክ ለሠልጣኞቻችን የምንነግራቸው ሽልማቱን እንዲመኙ አልነበረም። የተማረች ሴት ዶክትሬቷን ይዛ ካልተማሩት ሴቶች ጋር በአንድ መደብ ጎንበስ ማለቷን እንዲያስቡት ነበር። ከእነርሱ መካከልም ዲፕሎማውን በደረት ኪሱ ይዞ የሚዞር አይጠፋም ነበርና።

ጸደቀ ስላልን አንድ ነገር እናክል። ችግኝ ጸደቀ ሲባል ሥር ሰድዶ ዳነ ማለት ነው፤ ሰው ጸደቀ ሲባል ደግሞ ከኃጢአት ነጽቶ ለመንግሥተ ሰማያት በቃ ማለት ነው። አማርኛ ለሁለቱ አንድ ቃል መስጠቱ ያለ ምክንያት አይመስለንም። በየጽሕፈት ቤቱ የሚጻፈው ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ የተተከለው ነው እንጂ የጸደቀው አይደለም። በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን በመላው አገር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል፤ ዓለምም ሁሉ አውርቶታል። እኛ ለሠልጣኞቻችን የምንሰጠው ሥራ ከዚያ በኋላ ያለው ነበር፤ ይኸውም በጥቅምት፣ ደግሞም በሚያዝያ፣ ክረምት ላይ በተተከለበት ቦታ እየዞሩ ጉድጓድ ለጉድጓድ መቁጠር ነው። ይህ ሥራ ጭብጨባ የለውም፤ ፎቶግራፍ አንሺም አይመጣበትም። አንድ ጊዜ አንድ ሠልጣኝ የቆጠረውን እውነተኛ ቁጥር ጽፎ ለአንድ ጽሕፈት ቤት ቢያቀርብ፣ ቁጥሩ አነሰ ተብሎ እንዲያርመው ተመለሰለት። ልጁም አላርምም አለ። ለጊዜው ተጎዳበት፤ በመንደሩ ግን ከዚያ በኋላ «የማይዋሸው ልጅ» ተብሎ ይጠራ ነበር፤ እኛም ከዚህ የሚበልጥ የምስክር ወረቀት ሰጥተነው አናውቅም።

አሁን ስለ አንዲት ልጅና ስለ አንድ ኮረብታ እንናገር። ልጅቱ የደሴ ልጅ ናት፤ ጂኦግራፊ ተምራ በ2006 ዓ.ም. ወደ እኛ መጣች። የተመደበችበት ኮረብታ የወል መሬት ነበር። ወል ማለት የሁሉ የሆነ፣ የማንም ለብቻው ያልሆነ ማለት ነው። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬው ለእርሻ ማሳው የይዞታ ደብተር ሲሰጠው ቆይቷል፤ የወል ኮረብታ ግን የሁሉ ከብት የሚሰማራበት፣ የሁሉ መጥረቢያ የሚወርድበት ሆኖ ነበር። ከላይ እስከ ታች የቀረው ድንጋይና ክትክታ ብቻ ነበር፤ ከግርጌውም የሚነሣው ቦረቦር በየክረምቱ ወደ ማሳው አንድ ሁለት ርምጃ ይጠጋ ነበር።

ልጅቱ ሦስቱን ሳምንት ከኖረች በኋላ ቅሬው በተሰበሰበበት ቀን ፈቃድ ጠይቃ ተናገረች። ንግግርዋ የተጠና ነበር። ኮረብታው ሁሉ እንዲከለል፣ ከብትም ፍየልም እንዳይገባበት፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ሣሩም ዛፉም እንደሚመለስ አስረዳች። ያለችውም እውነት ነበር፤ ከብት ያልገባበት መሬት ራሱን እንደሚጠግን በአያሌ ስፍራ ታይቷልና። እኛ ከኋላ ተቀምጠን ነበር፤ አንዳችም አልተናገርንም። የቅሬው ዳኛ ጨርሳ እስክትቀመጥ ጠብቀው፦

«ልጄ፣ ነገርሽ መልካም ነው። ያን ኮረብታ እኛም እናውቀዋለን፤ ልጆች ሳለን ጅብ የምንፈራበት ጫካ ነበር። ነገር ግን ከልለነው ባደርን ማግስት፣ እኚህ ሴት ፍየሎቻቸውን የት ያሰማሩ?» ብለው በዳር የተቀመጡትን አንዲት ባልቴት አመለከቱ።

ባልቴቲቱ ባልም በሬም የላቸውም፤ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ የሰጡ ናቸው፤ ያላቸውም አምስት ፍየል ነበር። የቤታቸው ጨውና ጋዝ፣ የልጅ ልጃቸውም ደብተር የሚገዛው ከእነዚያ ፍየሎች ነው። ስብሰባው ዝም አለ። ልጅቱም ፊቷ ቀላ፤ ጥቂትም ቆይታ፦

«አባቴ፣ ይህን አላሰብሁትም። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?» አለች።

እኛ እንደሚመስለን የዚያ ኮረብታ ዕድል የተወሰነው በዚህች ጥያቄ ነው። ሽማግሌው ከመለሱላት በኋላ ነገሩ የእርሷ መሆኑ ቀርቶ የቅሬው ሆነ። ክርክሩ እስከ ማታ ቆየ፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ተመለሰ። በመጨረሻም በመጀመሪያው ዓመት የኮረብታው ግማሽ ብቻ፣ እርሱም ከቦረቦሩ በላይ ያለው፣ እንዲከለል ተስማሙ። በተከለለው ውስጥ የሚበቅለው ሣር በመስከረምና በጥቅምት በማጭድ እየታጨደ እንዲከፋፈል፣ ሲከፋፈልም በሬ የሌላቸውና ባልቴቶች አስቀድመው ሁለት እጥፍ እንዲወስዱ ተባለ። ከብቱን ያስገባ ሰው የሚቀጣው ገንዘብ ለቅሬው ሣጥን እንጂ ለሌላ እንዳይሆን ተወሰነ። ጥበቃውም በደመወዝ ሳይሆን በቤት ተራ ሆነ። ልጅቱ ይህን ሁሉ በቅሬው መዝገብ ላይ በእጅዋ ጻፈችው፤ ለማይችሉትም ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ጨርሳ ስትቀመጥ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው እጃቸውን ዘርግተው መረቋት። እንደምታውቁት ከዩኒቨርሲቲ የወጣውን ሰው ተመረቀ የምንለው ይህንኑ ቃል ወስደን ነው። እርሷም ያን ቀን ሁለተኛ ጊዜ ተመረቀች።

በወላጆች በኩል ያለውን ደግሞ ሳንናገር ብናልፍ ነገሩ ጎዶሎ ይሆናል። የዚህችው ልጅ እናት ከደሴ ድረስ መጥተው ልጃቸውን የላስቲክ ጫማ ተጫምታ፣ ፀሐይ አጥቁሯት ባዩ ጊዜ አለቀሱ። «ለዚህ ነው ወይ ያስተማርኩሽ? ድንጋይ ለመሸከም ትምህርት ያሻል ወይ?» አሏት። እኛንም በብርቱ ወቀሱን። ወቀሳቸው ከንቱ አልነበረም። ለእነዚህ ወጣቶች የሚከፈለው አበል ጥቂት ነበር፤ ያም ሦስት ወር አራት ወር የሚዘገይበት ጊዜ ነበር። ሴት ልጅ በገጠር ከተማ ብቻዋን ቤት ተከራይታ፣ በምሽት ከስብሰባ ስትመለስ የሚያጋጥማትን አስፈሪ ነገር ወላጅ ቢያስብበት ይገባዋል። ስለዚህ ልጆቹን ወደ ገጠር የሚልክ ሁሉ፣ ስለ አገር ፍቅር ከመናገሩ አስቀድሞ፣ አበሉ በቀኑ እንዲደርስ፣ ሴቶቹ ሠልጣኞች ሁለት ሁለት ሆነው እንዲመደቡ፣ በታወቀ ቤተ ሰብም ግቢ እንዲያድሩ ማድረግ ይኖርበታል። ይህ ባልሆነበት ቦታ ጎበዝ ጎበዞቹ በመጀመሪያው ዓመት ይሄዳሉ። ከእኛ ሠልጣኞች ወደ ባንክ የገባ አለ፤ ወደ ዓረብ አገር የተሻገረች አለች፤ ባጃጅ የሚነዳም አለ። ማንንም አንወቅስም።

ያቺም ልጅ በ2010 ዓ.ም. ሥራውን ትታ በአንድ ከተማ አስተማሪ ሆነች። በዚያን ጊዜ ኮረብታው ሁለቱም ግማሽ ተከልሎ ነበር፤ ወይራው ከጉቶው አቆጥቁጦ ከሰው ወገብ በላይ ደርሶ ነበር፤ ጽዱም ተተክሎ ጸድቆ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ነገር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ ጽሕፈት ቤቶች ተዘጉ፤ ሠራተኛው ተበተነ፤ ስልክና መብራት ተቋረጠ። እኛም እንደ ሌላው ሰው ከቤታችን ወጥተን ነበር፤ ስለ ኮረብታው ባሰብን ቁጥር የ1983ቱ ነገር በፊታችን ይደቀን ነበር። መንግሥት በሌለበት፣ ተፈናቃይ በየመንደሩ በሞላበት፣ ማገዶም እንደ እህል በጠፋበት ሰዓት ማን ዛፍ ይጠብቃል?

ሰላም ሲሆን ሄደን አየነው። ኮረብታው እንደ ነበረ አልነበረም፤ እንደዚያ ብለን ብንጽፍ ውሸት ይሆናል። ከግርጌው ያለው ባሕር ዛፍ ተጨፍጭፎ ነበር፤ በላይ በኩልም ሁለት ሦስት ቦታ ወይራ ተቆርጧል። የቅሬውን ዳኛ ስንጠይቃቸው መዝገቡን ከቤት አውጥተው አሳዩን። ባሕር ዛፉን ያስቆረጠው ቅሬው ራሱ ነበር፤ ለተፈናቃዮች ማገዶና ለመጠለያ ማገር እንዲሆን ብሎ፣ ስንት እንጨት እንደ ተቆረጠ፣ ለማንም እንደ ተሰጠ በተራ ተጽፏል። ወይራውን የቆረጡት ሰዎች ስምም ተጽፏል፤ ሁለቱ ቅጣታቸውን ከፍለዋል፤ አንዱ ገና ነበር። በሚቀጥለው ገጽ የሌሊት ጥበቃው ተራ አለ፤ በእነዚያ በከፉ ሳምንታት እንኳ የታጎለው አራት ሌሊት ብቻ ነው፤ እርሱም «ተኩስ ስለ ነበር» የሚል ምክንያት በጎኑ ተጽፎበታል። የባልቴቲቱ ስም በዝርዝሩ ላይ በሰባተኛው ረድፍ ነበር፤ በፈንታቸው የሚወጣው የልጅ ልጃቸው ሲሆን፣ በስሙ ትይዩ በሚያምር የተማሪ ጽሕፈት ራሱ ፈርሟል።